ሦስት ቀን በምስር፤ ስለ ወርኃ ጽጌ ጉዞና ስለ ማዕዱ አሰናዳድ

አባቶቻችን ካይሮን «ምስር» እያሉ ይጠሯት ነበር። በእኛ ቤት ይህን ስም ዛሬም ያልተዉት እናቴ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ አንድ ማታ በማዕድ ላይ ሳለን «ምስርን ሳላይ እንዳልሞት ነው የምፈራው» ባሉ ጊዜ፣ ትንሹ ልጄ ትሪውን ተመልክቶ «እማማ፣ ምስሩማ ይኸው ቀርቧል» አላቸውና ሁላችንም ሳቅን። እርሳቸውም አብረውን ሳቁ። ነገሩ ግን የሳቅ አልነበረም። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የተሰደደችበትን አገር ለመሳለም ከወጣትነታቸው ጀምሮ የተሳሉት ስለት ነበረባቸው፤ ጉልበታቸውም ከዓመት ወደ ዓመት እየደከመ በመሄዱ «ለከርሞ» የምንልበት ጊዜ አልፎ ነበር።

ያጠራቀምነው ገንዘብና እኔና ባለቤቴ ከሥራ ያገኘነው ፈቃድ ለሦስት ቀን እንጂ ለሳምንት የሚበቃ አልነበረም። በሦስት ቀን ውስጥ ደግሞ የሁሉም አሳብ ልዩ ልዩ ሆነ። ትልቋ ልጄ ካይሮ የመብል ከተማ መሆኗን ሰምታ የምግቦቹን ስም በደብተሯ ጽፋ ይዛለች፤ ትንሹ ፒራሚዱን ካላየሁ ይላል፤ እናቴ ግን ሁለት ነገር ብቻ ወሰኑ፤ ጉዞው በወርኃ ጽጌ እንዲሆንና ጾማቸውም እንዳይፈርስ። የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም መሆኑን የነፍስ አባታቸው እንኳ ቢያስታውሷቸው፣ «እርሷ በተሰደደችበት ወራት፣ እርሷ በተሰደደችበት አገር ሄጄ ጮማ ልቍረጥ?» ብለው መለሱ። ለዚህ መልስ የሚሰጥ በቤታችን አልተገኘም። እንግዲህ የሚጾም ሰው ይዞ ወደ መብል ከተማ መሄድ እንዴት ይቻላል? የዝግጅታችን ሁሉ መነሻ ይህ ጥያቄ ነበር፤ የዚህን ዓይነት አሳብ ለያዙ ቤተ ሰቦች ይጠቅም እንደ ሆነ ያየነውን እነሆ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ የሄድነው ወደ አንድ የጉዞ ወኪል ቤት ነበር። የተሰጠን ፕሮግራም ባማረ ወረቀት ላይ የታተመ ሲሆን፣ አንዱን ቀን ለፒራሚድ፣ ሌላውን ለገበያ፣ ማታውን በዓባይ ላይ በመርከብ ለሚደረግ እራትና ጭፈራ መድቦ፣ ለጥንታዊቱ ካይሮ አብያተ ክርስቲያናት «አርባ ደቂቃ» ይላል። እናቴ መነጽራቸውን አድርገው «አርባ ደቂቃ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ካነበቡ በኋላ ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። ስለ ፒራሚዱ የእኔን አሳብ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ለሦስት ቀን ጉዞ ይቅር እላለሁ። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. በይፋ የተመረቀው በአጠገቡ ያለው ታላቅ ሙዚየም ብቻውን አንድ ሙሉ ቀን የሚጠይቅ ነው፤ ሁሉን ለማየት የሚሮጥ ቤተ ሰብም ሽማግሌውን በሆቴል ትቶ መሮጡ አይቀርም። ልጄን «በሌላ ጊዜ» ብዬ አስለቀስሁት፤ ዛሬም ይህን አልረሳልኝም።

ነገሩ የተቃለለልን ካርታ ዘርግተን በተመለከትን ጊዜ ነው። እመቤታችን ከልጇ ጋር፣ ከዮሴፍና ከሰሎሜ ጋር ያረፈችባቸው ናቸው ተብለው በካይሮ የሚከበሩት ሥፍራዎች፣ በስተ ሰሜን ማታሪያ፣ በመካከል ጥንታዊቱ ካይሮ፣ በስተ ደቡብ መዓዲ፣ ሦስቱም በአንድ የባቡር መሥመር ላይ ይገኛሉ። ይህ መሥመር በ1980 ዓ.ም. የተከፈተው የመጀመሪያው የካይሮ ሜትሮ ሲሆን፣ በከተማው መካከል ከመሬት በታች ይሄድና ከዚያ ወጥቶ በምድር ላይ ይጓዛል። መሐንዲሶቹ ስደቷን አስበው እንዳልዘረጉት የታወቀ ነው፤ እናቴ ግን ይህን ስነግራቸው አማተቡ። ከመካከለኞቹ ፉርጎዎች ጥቂቶቹ ለሴቶች ብቻ የተለዩ በመሆናቸው እርሳቸውና ባለቤቴ ከልጄ ጋር በዚያ ሲሳፈሩ፣ እኔና ትንሹ ከወንዶች ጋር ተጋፍተን ሄድን። በካይሮ መንገድ ላይ ያለውን የመኪና ጭንቅንቅ ያየ ሰው የባቡሩን ጥቅም ሳይነግሩት ይረዳዋል።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር ልናገር። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ወራት ለእኛ ወርኃ ጽጌ ነው፤ ለካይሮ ደግሞ የበጋው ሙቀት በርዶ አረጋዊ ሰው በእግሩ ሊሄድ የሚችልበት ወቅት ነው። የግብጽ ኦርቶዶክሳውያን የወራት አቈጣጠር ከእኛው ጋር ቀን ለቀን የተስማማ ስለ ሆነ በዓላቱን ማስላት አያስቸግርም፤ ጥቅምትን «ባባ»፣ ኅዳርን «ሃቱር» ይሉታል፤ ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል በእኛም በእነርሱም ዘንድ ይከበራል። ዳሩ ግን ደብረ ቁስቋም ራሱ ከካይሮ ርቆ በላይኛው ግብጽ በአስዩት አውራጃ የሚገኝ ስለ ሆነ በሦስት ቀን አይደረስበትም። ይህን ለእናቴ ከመነሣታችን በፊት መናገሬ በጀኝ፤ እዚያ ደርሰው ቢሰሙት ኖሮ ኀዘናቸው ይበረታ ነበር። ቀኖቹንም ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ አደረግናቸው፤ በግብጽ የሳምንቱ የዕረፍት ቀን ዓርብ በመሆኑ ቅዳሴው በዓርብም በእሑድም ብዙ ሕዝብ ይሰበሰብበታል። አይሮፕላኑ ከአዲስ አበባ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። የቪዛውን ነገር ኤምባሲውን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ ለመቍረብ ያሰበም ከመነሣቱ በፊት ከነፍስ አባቱ ጋር ይነጋገር።

አሁን ወደ ማዕዱ እንመለስ። የጽጌ ጾም የእኛ ብቻ ስለ ሆነ በዚያ ወራት በካይሮ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር የሚጾም አታገኙም፤ ባለ ምግብ ቤቱም ጾመኛ ይመጣል ብሎ አይጠብቃችሁም። ስለዚህ አንድ ቃል ይዛችሁ ሂዱ፤ «ሲያሚ»። የጾም ምግብ ማለት ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ያውቀዋል። ነገር ግን ግብጻውያን በገና ጾምና በሐዋርያት ጾም ዓሣ ስለሚበሉ፣ ሲያሚ ሲባል ዓሣ የሚያቀርብላችሁ ሊኖር ይችላልና «ሚን ጌር ሰመክ» ብላችሁ ጨምሩበት፤ ያለ ዓሣ ማለት ነው። ዓርብ ቀን እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ ለቤተ ክርስቲያንና ለሙዚየም ሰጠነው፤ ቅዳሜና እሑድ ግን እስከ ሰዓት መጾም ስለሌለ የልጄን ዝርዝር ወደዚያ አዛወርነው።

ዓርብ ጧት ማር ጊርጊስ በተባለው ጣቢያ ወረድን፤ ማር ጊርጊስ ማለት ቅዱስ ጊዮርጊስ ማለት ነው። ከጣቢያው እንደ ወጡ የባቢሎን ምሽግ ክብ ግንቦች ፊት ለፊት ይታያሉ። ምሽጉን ያሠራው ክርስቲያኖችን ያሳደደው ዲዮቅልጥያኖስ ነው፤ በየዓመቱ ባሕረ ሐሳቡ ሲወጣ የምንሰማው ዓመተ ሰማዕታትም የሚቈጠረው እርሱ ከነገሠበት ከ284 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። የእርሱ ምሽግ በር ዛሬ በእመቤታችን ስም የተሠራችውን ቤተ ክርስቲያን ተሸክሟል፤ በበሩ ማማዎች ላይ በመቆሟ «አል ሙዐለቃ»፣ የተንጠለጠለችው፣ ይሏታል። ወደ እርሷ የሚወጣው ደረጃ ሃያ ዘጠኝ ነው። እናቴ በሦስት ዕረፍት ወጡት። ከበሩ እንደ ደረሱም ነጠላቸውን አስተካክለው ጫማቸውን አወለቁ። ግብጻውያን ጫማ የሚያወልቁት ወደ መቅደስ ሲገቡና ሲቈርቡ በመሆኑ፣ ጠባቂው ግድ የለም በሚል ምልክት እጁን አወዛወዘላቸው፤ እናቴም ግድ የለም እንዳላቸው ገባቸው፤ ሆኖም ጫማቸውን ለትንሹ ልጄ አስይዘው ባዶ እግራቸውን ገቡ። ጥቂት ቆይቼ ወደ ኋላዬ ስመለከት ልጄም የራሱን ጫማ አውልቆ አራቱንም ታቅፎ ቆሟል።

በዚያች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአባታችን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስም የተሰየመች ጥንታዊት ትንሽ ጸሎት ቤት አለች። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ከተቀበሉበት ከአራተኛው መቶ ዓመት አንሥቶ፣ በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ በካይሮ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆነው እስከ ተሾሙበት ጊዜ ድረስ፣ ጳጳስ ከግብጽ ወደ እኛ ሲመጣ መኖሩን ሁላችንም ሰምተናል። ከእኛም ወገን አንድ ጻድቅ ወደ እነርሱ ሄዶ ታቦት እንደ ተሰየመለት ግን እናቴ አያውቁም ነበር። ስማቸውን ስነግራቸው ዝም ብለው ተንበረከኩ፤ እኔም ሰዓቴን መመልከት አሳፈረኝ።

ከዚያ በጠባቡ መንገድ ወርደን ወደ አቡ ሰርጋ ሄድን፤ ይህም የሰማዕታቱ የሰርጊስና የባኮስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከመቅደሱ ሥር ያለችው ዋሻ እመቤታችን ያረፈችባት ናት ተብላ የምትከበር ሲሆን ጠባብና ዝቅተኛ ናት፤ ጕልበት ለሚያመው ሰው መውረጃው ያስቸግራልና የሚደግፍ አይጥፋ። የቅብጥ ሙዚየምም እዚያው አጠገብ ነው። በ1902 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን በዕንጨትና በድንጋይ ቅርጽ፣ በጨርቅና በብራና የተሞላ ነው። ሁሉን እንዲያዩ አልመክርም። አንዲት መጽሐፍ ብቻ ፈልጉ፤ በአራተኛው መቶ ዓመት በቅብጥ ቋንቋ የተጻፈች መዝሙረ ዳዊት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1984 በላይኛው ግብጽ መንገድ በኩል ባለ የድሆች መቃብር ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ልጅ ራስ ሥር እንደ ትራስ ተደርጋ ተገኘች። እናቴ ዳዊታቸውን በትራሳቸው ሥር አድርገው ከሚተኙት ወገን ናቸው። ይህን በነገርኋቸው ጊዜ ከመስተዋቱ ፊት ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቁ ቆዩና «እናቷ ናት ያደረገችላት» አሉ። ወንበር ፈልጌ አመጣሁላቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወደ መካከለኛው ከተማ ተመልሰን ኩሻሪ ቤት ገባን። ኩሻሪ ሩዝ፣ ምስር፣ መኮሮኒና ሽምብራ በአንድ ሳሕን ተደራርበው፣ በላዩ የቲማቲም ስጎና ጠቍሮ የተጠበሰ ሽንኩርት የሚነሰነስበት፣ በነጭ ሽንኩርት ኾምጣጤና በሚጥሚጣ የሚበላ የድሃውም የሀብታሙም ምሳ ነው። ሲሰሙት የተደበላለቀ ይመስላል፤ ለሚጾም ሰው ግን ከዚህ የሚሻል አላየሁም። ሩዙን በቅቤ የሚሠሩ ስላሉ መጠየቅ ያሻል። ትንሹ ልጄ ሳሕኑ በቀረበ ጊዜ «እማማ፣ ምስር በምስር!» አላቸውና በቤታችን የተጀመረው ቀልድ እዚያ ተፈጸመ።

ቅዳሜ ጧት በማታሪያ ነበርን። ከጣቢያው ብዙ ሳንርቅ፣ አንገቱ የጠበበ ትልቅ ድስት ይዞ ፉል የሚቀዳ ሰው አገኘን፤ ፉል በእንዲህ ያለው ድስት ሌሊቱን በዝግታ ሲበስል የሚያድር በመሆኑ ጧት የሚበላው እርሱ ነው። በእኛም አገር ፉል የታወቀ ነው፤ የእነርሱ ግን በከሙን፣ በሎሚና በዘይት የሚበላ ነው። እኔ የራሴን ምክር ረስቼ ሳልጠይቅ አዘዝሁ። እናቴ ቍራሹን ወደ አፋቸው አቅርበው ሳሉ አሸተቱትና መልሰው አስቀመጡት፤ ቅቤ ነበረበት። በዚያች ሰዓት ያፈርሁት እፍረት ቀላል አልነበረም። «ሲያሚ» አልሁት ሰውዬውን። ከራዲዮኑ የቍርዓን ድምፅ ይሰማል። እርሱም የእናቴን ማዕተብ አየና ግንባሩን በእጁ መታ፤ ሳሕኑን አንሥቶ ሌላ ቀዳና ከትንሽ ጠርሙስ ዘይት አንቈረቈረበት፤ «ዜት ሐር» አለን። እናቴ ቀመሱ፤ ፊታቸው ተለወጠ። «ይህማ ተልባ ነው!» አሉ። እውነትም የተልባ ዘይት ኖሯል። የመጀመሪያውን ሳሕን ሒሳብ ልክፈል ብለው አልቀበልም አለ።

ከፉል ጋር የሚቀርበው ቂጣ መሰል እንጀራቸው «ዐይሽ» ይባላል፤ ቃሉ ሕይወት ማለትም ነው። ታዕሚያ የሚሉት ደግሞ ጥሬውን የተፈጨ የባቄላ ክክ በዘይት የሚጠበስ ሲሆን፣ ውስጡ በቅጠሉ ብዛት አረንጓዴ ነው። ቢሳራም አለ፤ ባቄላው ከቅጠል ጋር ተቀቅሎ ሲላቈጥ ነው፤ ስልጆ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ሙሉኺያ የተባለውን የቅጠል ወጥ ልጄ በዝርዝሯ ላይ ከሁሉ አስቀድማ ጽፋው ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ በዶሮ ወይም በጥንቸል መረቅ ስለሚሠራ ለጾመኛ አይሆንም፤ እርሷ ግን በላችና የተንዘላዘለ ነው ብላ ተወችው። ከጣፋጩም ብዙው ቅቤ አለበት። የሸንኮራ ጭማቂና ከርከዴ ለሁሉም ይሆናሉ።

በማታሪያ የእመቤታችን ዛፍ የሚባለው ሾላ አለ። ዛሬ የቆመው የጥንቱ ሳይሆን ከጥንቱ የበቀለ ነው። ጌታችን ምንጭ ያፈለቀበት፣ የበለሳን ተክልም የበቀለበት ቦታ እንደ ሆነ ይነገራል፤ በመካከለኛው ዘመን የዚያ በለሳን ዘይት ለቅዱስ ሜሮን ማዘጋጃ ይፈለግ ነበር። ግቢው ትንሽ ነው፤ ዙሪያውም ጫጫታ የበዛበት ሰፈር ነው፤ ገነት አገኛለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ያዝናል። እናቴ ግን ከጫጫታው ምንም የሰሙ አይመስሉም ነበር። በመመለሻችን በዚያው መሥመር ላይ ባለው በዘይቱን ወርደን በመጋቢት 1960 ዓ.ም. እመቤታችን በጕልላቱ ላይ ታየች የተባለበትን ቤተ ክርስቲያን ተሳለምን።

እሑድ አስቀደስን። ቋንቋው ቅብጥና ዐረብኛ ቢሆንም «ኪርያላይሶን» ሲባል እናቴ ቀድመው ይመልሱ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ መስቀል የታተመበት ትንሽ ክብ ኅብስት ለሕዝቡ ይታደላል፤ «ኦርባን» ይሉታል። የሚጋገርበትንም ቤት እንደ እኛው ቤተ ልሔም ብለው ይጠሩታል። በቅዳሴው ጊዜ ከእናቴ አጠገብ ቆመው የነበሩ አንዲት ሴት ወይዘሮ እጃቸውን ይዘው ካልመጣችሁ አሉን፤ ልጃቸው በእንግሊዝኛ ከልጄ ጋር እየተነጋገረች አስተረጐመችልን። እንደምንጾም ነገርናቸው። ከሰዓት በኋላ ማዕዱ ሲቀርብ በመካከሉ ትልቅ የተጠበሰ ዓሣ ተቀምጧል፤ ለጾመኛ እንግዳ እንደ ሥርዓታቸው ያላቸውን የተሻለ ነገር አቅርበው ነበር።

ዝምታ ሆነ። እኔ ወይዘሮዋን እንዳላሳዝን ብዬ ሁለት ጊዜ ጐረስሁ፤ ይህንንም ለነፍስ አባቴ ተናግሬአለሁ። እናቴ ግን ሳይቸኵሉ ከዓሣው ቆርሰው ለወይዘሮዋ አጐረሷቸው። በእኛ ዘንድ ጕርሻ ምን እንደ ሆነ ልጄ ስታስረዳቸው ወይዘሮዋ ሣቁ፤ እናቴም ወደ ሰላጣው፣ ወደ ሰሊጥ ልቍጡና ወደ ዐይሹ ተመለሱና በደንብ በሉ። ወይዘሮዋም ነገሩን ተረድተው ከዓርብ የተረፈ ቢሳራ አሙቀው አመጡላቸው። እናቴ በዚያ ቤት ከሁላችንም ይልቅ የጠገቡ ይመስለኛል።

በመጨረሻው ምሽት በመዓዲ ከዓባይ ዳር ባለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ተቀመጥን። ወደ ላይኛው ግብጽ በጀልባ የተሳፈረችው ከዚህ ነው ይባላል፤ ወደ ውኃው የሚወርደውም ደረጃ እስከ ዛሬ አለ። በመጋቢት 1968 ዓ.ም. በውኃው ላይ ተንሳፎ የተገኘ የተከፈተ መጽሐፍ ቅዱስ በውስጡ ተቀምጧል። ልጄ በደረጃው ላይ ተቀምጦ ይህ ውኃ ከጣና የመጣው መሆኑን ጠየቀኝ፤ ከዚያም የመጣ አለበት አልሁት። እናቴም ይህን ሰምተው እጃቸውን ነከሩ።

ኦርባኑን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አምጥተው ለጽጌ ማኅበርተኞቻቸው እየቈረሱ አካፈሉ። እነሆ ወራቱ ተመልሶ መጥቷል፤ ነገ ማኅበሩ በእኛ ቤት ነው፤ የባቄላ ክኩ ከጧት ጀምሮ ተነክሯል። ባሮ ሽንኩርቱና የድንብላል ቅጠሉ ተገዝቷል፤ ልጄ ታዕሚያውን ትጠብሳለች፤ እናቴም ዘይቱ የተልባ ይሁን እያሉ ከባለቤቴ ጋር ይከራከራሉ። ለመጥበሻ እንደማይሆን ማን ይንገራቸው?